የቡላ ዐሥር ቀን

ፈሪ ነኝ ብዬ አልጀምርም፤ እናንተው ትደርሱበታላችሁ። ሠላሳ ዓመት ሐይቁ ላይ መረብ ጥያለሁ። ማዕበል ታንኳዬን ሁለት ጊዜ ገልብጦብኛል። ጦርነቱ ሲመጣ ሚስቴንና ልጄን ይዤ በእግሬ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወዲያ ተሰድጄ ተመልሻለሁ። ያኔ አልፈራሁም አልልም፤ የፈራሁት ግን ሰው በሚፈራው ልክ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ በነበሩት ዐሥር ቀናት እንዴት እንደፈራሁ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼ አላውቅም። የፈራሁት ደግሞ አንድ ከሲታ ውሻ ነው። እሱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ።

ውሻው ስሙም መልኩም ቡላ ነው። «እስላም ቤት ውሻ ምን ይሠራል፣ ኑርዬ?» እያሉ የሚያሾፉብኝ ነበሩ። ዓሣ የሚያሰጣ ሰው ጅብም ሌባም ወዳጁ ነው እላቸዋለሁ። ቡላ ደጅ ያድራል፤ ቤት አይገባም፤ ዕቃ አይነካም። በጥቅምት ስንሸሽ ገመዱን ፈትቼ ለቀቅሁት። በታኅሣሥ ማለቂያ ስንመለስ የቤቱ በር የለም፣ መረቦቼ የሉም፣ አራቱ በጎቼ የሉም። ቡላ ግን ጎኑ ከጎኑ ተጣብቆ ደጃፉ ላይ ተኝቶ አገኘነው። ልጄ ሀኒያ የተዘረፈውን ቤት አይታ አላለቀሰችም፤ እሱን ስታይ ግን ተንሰቀሰቀች። ሀኒያ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከሷ በፊት ሁለት ልጆች ቀብረናል፤ የቀረችን እሷው ናት።

ቡላ በደህናው ጊዜ የሚበላው የተረፈ እንጀራ ነበር። ከስደት ስንመለስ ግን ለኛም አልተረፈን። ያለን ሐይቁ ብቻ ነበር። በተዋስኩት መንጠቆ ቀን ሙሉ ተቀምጬ ሦስት አራት ቆሮሶ ዓሣ እይዛለሁ፤ ሥጋውን እኛ እንበላለን፣ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለቡላ እወረውርለታለሁ።

«ኧረ ይኼ አጥንት ይወጋዋል» ትለኛለች ሚስቴ ፈዲላ።

«የሐይቅ ውሻ ነው፤ የዓሣ አጥንት ይፈራል እንዴ?» እላታለሁ። አዋቂ ነኛ!

እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች አንድ መድኃኒት አለን። የዓሣ አጥንት ጉሮሮህ ላይ ሲሰነቀር አትጮህም፤ እንጀራ ድብልብል አድርገህ ትጠቀልልና ሳታኝክ ትውጣለህ። እንጀራው አጥንቱን ይዞ ይወርዳል። አባቴ እኔን እንዲህ አድርጎኛል፣ እኔም ሀኒያን እንዲህ አድርጌያታለሁ። ከሐይቁ ርቆ የሚኖር ሰው ይስቅብናል፤ ይሳቅ።

አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ደጅ ተቀምጬ ከሰው የለመንኩትን ቡትቶ መረብ እጠግን ነበር። ሀኒያ ከአጥሩ ጥግ ሆና ጠራችኝ።

«አባ፣ ቡላ አፉን በእግሩ እየፋቀ ነው።»

ቀና ብዬ አላየሁም። ጣቴ ክር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እሱ አናዶኛል።

«አጥንት ይዞት ነው። እንጀራ ጠቅልለሽ አጉርሺው» አልኳት።

ይኸው ነው የተናገርኩት። ሐሰት የለውም፣ አልጨመርኩበትም። ልጄ ምሳዋ ላይ ያስቀረቻትን ቁራሽ እንጀራ ጠቅልላ፣ የውሻውን መንጋጋ በግራ እጇ ይዛ፣ ቀኝ እጇን እስከ አንጓዋ ከታ አጎረሰችው። እኔ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ መረብ እቋጥር ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ለውዱ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ቡላ ከውሃው በርሜል ጀርባ ተሸጉጧል። ታችኛው መንጋጋው ተንጠልጥሏል። ምራቁ በሁለት በኩል እስከ መሬት ይወርዳል። ጠራሁት፤ ሲመልስልኝ ድምፁ የሱ አልነበረም፤ እንደታነቀ ሰው ነው የሚያቃስተው። ውሃ በድስት ክዳን ቀድቼ በእግሬ ገፋሁለት። አፍንጫውን አስጠግቶ ነካው፤ ከዚያ ጭንቅላቱን እያራገፈ ወደ ኋላ ሸሸ።

ውሃ የፈራ ውሻ ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል።

አጥራችን ላይ ዝናው ቆሞ ያያል። ዝናው ክርስቲያን ጎረቤቴ ነው፤ አርሶ አደር ነው፣ ሚሊሻም ነው። ለአረፋ እሱ እኔ ጋ፣ ለፋሲካ እኔ እሱ ጋ እየሄድን ሥጋችንን ለየብቻ፣ ሳቃችንን አንድ ላይ የምናደርግ ሰዎች ነን።

«አብዷል» አለ።

«ዝም በል።»

«ኑርዬ፣ ይኼ ውሻ አብዷል እኮ! እኛ ሸሽተን እዚህ የቀሩት ውሾች ምን ሲበሉ እንደከረሙ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥተን አንናገረውም እንጂ። ዝናው ጠመንጃውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ዞረ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ቶሎ በል ልለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ነው የትናንቱ ቃሌ ትዝ ያለኝ። አጉርሺው።

ቤት ሮጬ ገባሁ። ሀኒያ ገና ከመኝታዋ መነሳቷ ነው። ቀኝ እጇን ያዝኩና ወደ ብርሃን ሳብኳት። አውራ ጣቷ ሥር አንዲት ቀይ ጭረት አለች፤ የግማሽ ጣት ያህል ርዝመት፤ ጫፏ ላይ ደም ደርቋል።

«ምንድን ናት ይቺ?»

«ጥርሱ ነው፣ አባ። አልነከሰኝም፤ እጄን ሳወጣ ነው የነካኝ። ሰባት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አንዱን በአፈር። ኡስታዛችን እንዳስተማረን።»

የውሻ ምራቅ በኛ ዘንድ ነጃሳ፣ ርኩስ ስለሆነ እንዳልቆጣት ፈርታ ነው ያልነገረችኝ። ልጄ የፈራችው እኔን ነበር። እኔ ደግሞ እጇን ሳልለቅ ጭረቷን ደጋግሜ አያለሁ።

ፈዲላ ነገሩ ገባት። አልጮኸችም፤ ነጠላዋን ጥላ ወጥታ ሮጠች። የሮጠችው ወደ ሱረያ ነው። ሱረያ ከውጫሌ የመጣች የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። የምትሠራበት ክሊኒክ ተዘርፎ ግድግዳው ብቻ ስለቀረ እኛ ሰፈር እህቷ ቤት ተጠግታ ነበር። በእጇ መርፌ የለ፣ መድኃኒት የለ፤ የተረፋት ዕውቀቷ ብቻ ነበር። ሰው ላሙ ስትታመም ይጠራታል። ዶክተር ሲሏት «ዶክተር አይደለሁም» ትላለች፤ እነሱም «እሺ ዶክተር» ይላሉ።

ስትደርስ ዝናው ጠመንጃውን አቀባብሎ ነበር።

«አውርደው!» አለችው። ድምፅዋ ከቁመቷ ይበልጣል። ከዚያ ራቅ ብላ ቆማ ቡላን አየችው፤ ቁጢጥ ብላ ደግሞ አየችው። እኛ እሷን እናያለን።

«ምን ይበላ ነበር?»

«የዓሣ ጭንቅላት» አልኩ። «አጥንት።»

«አጥንቱ ላንቃው ላይ ተጋድሞ ሊሆን ይችላል። አፉ እንዲህ ይከፈታል፣ ምራቁ እንዲህ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል። የእብድ ውሻ በሽታም ሊሆን ይችላል፤ እሱም እንዲሁ ያደርጋል። ቆሜ በማየት መለየት አልችልም። አፉን ከፍቼ ልይ የሚል ሰው ደግሞ እንዳላይ!»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ይገደልና ይለይለት!» አለ ዝናው። «እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ከገደልከው አይለይለትም፤ እሱ ነው ችግሩ። በሽታው ምራቁ ውስጥ ካለ ውሻው ዐሥር ቀን አይቆይም፣ ይሞታል። ከትናንት ጀምሮ ዐሥር ቀን በሕይወት ከቆየ፣ ልጅቷን የነካት ምራቅ ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ከገደልከው ግን ጭንቅላቱ አዲስ አበባ ሄዶ መመርመር አለበት፤ በዚህ መንገድ፣ በዚህ ጊዜ ማን ይወስደዋል? ሰው ላይ በሽታው ለመታየት ወራት ሊቆይ ይችላል። ከታየ ደግሞ…» ብላ አቋረጠች።

«ከታየ ምን?» አለች ፈዲላ።

«ከታየ መድኃኒት የለውም።»

ሀኒያ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መኖሯን ረስተን ነበር።

ሱረያ እጇን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ አሳጠበቻት። «ቶሎ በብዙ ውሃ መታጠብሽ በጣም ጥሩ አድርገሻል፤ አፈሩን ግን ቁስል ላይ አትድገሚው» አለቻት። ለኔ ደግሞ፦ «ውሻውን አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ደሴ ይውጡና የመከላከያ መርፌ ያስጀምሯት። ልጅቷ ደህና ናት፤ አብራችኋት ብሉ፣ አብራችኋት ተኙ። ከሷ የምትፈሩት ነገር የለም።»

ይህን የመጨረሻውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልቤ ግን አልሰማውም።

ደሴ በጭነት መኪና ወጣን። የሄድንበት ጤና ተቋም ሰው ኮሪደሩ ላይ ተነጥፏል፤ ማቀዝቀዣው ተወስዶ ቦታው ብቻ ቀርቷል። አንዲት ነርስ ስማችንን መዝግባ «መርፌው ከአዲስ አበባ እየተጠበቀ ነው፤ ሲገባ እንደውላለን» አለችን። የኛ የሐይቅ ከተማ ስልክ ገና እንዳልተጠገነ ነገርኳት። «እንግዲያው በየቀኑ ይምጡና ይጠይቁ» አለች። ሰድባ ብታባርረኝ ይሻለኝ ነበር፤ በትሕትና የለም ስትለኝ የምጮህበት አጣሁ። ስንመለስ የጭነት መኪናው ላይ ሀኒያ ተደግፋኝ እንቅልፍ ወሰዳት። ክንዴን ስስብ ራሴን ያዝኩት። ከልጄ የሸሸሁባት የመጀመሪያዋ ያቺ ናት።

ቡላን ባዶው የበግ ጋጣ ውስጥ አስገባነው፤ በሩን በቆርቆሮ ዘጋሁ። ከዚያ ነው ሌላው ጣጣ የመጣው። አፉ የማይዘጋ ውሻ እንዴት ይበላል? በረሃብ ቢሞትስ? በስድስተኛው ቀን ቢሞት በበሽታው ይሁን በረሃቡ ማን ይነግረኛል? የልጄ ሕይወት የታሰረው ያ የተንጠለጠለ አፍ መረቅ በመላሱ ላይ ነበር። በዕድሜዬ ውሻ ምን ይብላ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ያገኘውን ይበላል፣ ካጣም ይጮሃል፣ ሌላ ምን አለው! አሁን ግን እንደ ተማሪ ሱረያ ፊት ቆሜ እሰማ ነበር።

«ዓሣውን በውሃ ብቻ ይቀቅሉት። በርበሬ የለ፣ ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻም ለድመትም ደማቸውን የሚያበላሽ መርዝ ነው። ከበሰለ በኋላ አጥንቱን አንድ በአንድ ይልቀሙ፤ መረቁን በጨርቅ ያጥሉት። በዝርግ ትሪ፣ ለብ ሲል፣ በረጅም እንጨት ይግፉለት። እጅዎ ጋጣው ውስጥ እንዳይገባ!»

ፈዲላ ዓሣውን ቀቀለች። እኔ መብራት የሌለው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አጥንት ስለቅም ዋልኩ። ከአንድ ቆሮሶ ውስጥ ያን ያህል አጥንት እንዳለ አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት ስበላው!

ሐሙስ አልቀመሰም። ዓርብ አልቀመሰም። ትሪውን በእንጨት ስገፋ ቡላ ከጥግ ያየኛል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ቸኩዬ ስለምገፋው ከመረቁ ግማሹ መሬት ላይ ይፈስሳል። እሱ ወደኔ አንድ እርምጃ ሲራመድ እኔ አምስት እርምጃ እሸሻለሁ። ይህ ውሻ ከግልገልነቱ ጀምሮ የኔ ነው፤ እግሬ ሥር ነው ያደገው። ፍርሃት ወዳጅ አያውቅም።

የሰፈሩ ሴቶችም ማጉረምረም ጀመሩ። «ሰው ቆሎ ሲያጣ ኑርዬ ለእብድ ውሻ ዓሣ ይቀቅላል» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛም ራሳችን የምንበላው ከሱ የተረፈውን ነበር። እኔ ግን ተቆጣኋቸው፤ ልማዴ ነው።

ስለ ቤቱ ደግሞ ልናገር። ሐሙስ ማታ ለሀኒያ ቀዩን ኩባያ ለይቼ ሰጠኋት። «እጅሽ ስለቆሰለ ነው» አልኳት። የኩባያና የቁስል ዝምድና ምንድን ነው? አልጠየቀችኝም። ዓርብ መሶብ ላይ ስንቀርብ ድርሻዋን በሳሕን አወጣሁላት። ፈዲላ ዓይኗን አፍጣብኝ ቀረች።

«ሱረያ ምን ነበር ያለችህ?» አለችኝ በኋላ ጓዳ ውስጥ።

«ጥንቃቄ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

«አስተግፊሩላህ! ልጅህን ነው የምትጠረጥረው?»

ፈዲላ ከሀኒያ ሳሕን ትበላለች፣ በሀኒያ ኩባያ ትጠጣለች፣ አቅፋት ትተኛለች። እኔ በሩ አጠገብ ለብቻዬ አነጥፋለሁ፤ «ቤቱን ልጠብቅ» እላለሁ። በር በሌለው ቤት። ጠዋት ስትነሳ የመጀመሪያ ሥራዬ ውሃ ስትጠጣ ማየት ነበር። ትጎነጫለች፣ ጉሮሮዋ ይንቀሳቀሳል፣ ይወርዳል፤ እኔም እተነፍሳለሁ። እሷ እንደማያት ታውቃለች። ስትጠጣ ዓይኗ ኩባያው ጠርዝ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ቅዳሜ በአራተኛው ቀን ቡላ ተነሥቶ ወደ ትሪው መጣ። ምላሱን በጎን በኩል አውጥቶ መረቁን ነካ፤ ሁለተኛ ነካ። አንገቱን ወደ ላይ አቀና፤ ከአፉ የፈሰሰው ይበዛል፤ ጥቂት ግን ወረደ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁት፤ ወረደ! ሱረያን ልጠራ በባዶ እግሬ በረርኩ።

«ጥሩ ምልክት ነው» አለች። «ግን ገና ነው፤ አያ ኑርዬ፣ ተስፋዎንም በልኩ።»

እሑድ በአምስተኛው ቀን ሀኒያ ደጅ ተቀምጣ ውሃ ስትጠጣ ትን አላት። አስሏት ውሃው በአፍንጫዋ ወጣ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እጇን ወደኔ ዘረጋች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ወደ ኋላ ዘለልኩ። ወደ እሷ አይደለም፤ ወደ ኋላ! ጀርባዬ ከግድግዳው እስኪላተም። ፈዲላ ከጓዳ ወጥታ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፤ ትንታው አለፈ። ማንም ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል። ሀኒያ አፏን በክንዷ ጠርጋ አየችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደምቀመጥበት መጥታ አልተቀመጠችም። እሷው ራሷ እየራቀች ትቀመጥልኝ ጀመር።

እሷን የማጣት ፍርሃትና እሷን የመፍራት ፍርሃት አንድ ልብ ውስጥ አብረው ይገባሉ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይገባሉ።

ሰኞ ቡላ ወደቀ። በጎኑ ተኝቶ፣ አፉ አፈር ነክቶ፣ ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ አይንቀሳቀስም። ቆርቆሮውን በእንጨት መታሁት፤ ጆሮው እንኳ አልተነሣም። ዝናው ጠመንጃውን ይዞ በአጥሩ ቀዳዳ ገባ።

«አለቀ። በቃ፣ ኑርዬ። ነፍስ ይማር እንበለውና ላሳርፈው።»

«አልሞተም።»

«ሊሞት ነው! ስድስት ቀን ልጆቼን ቤት ዘግቼባቸው ከረምኩ። ቆርቆሮህን ገፍቶ ቢወጣስ?»

በጋጣው በርና በጠመንጃው መካከል ቆምኩ። ጀግንነት አይምሰላችሁ። ከኋላዬ ውሻው፣ ከፊቴ አፈሙዙ፤ የቱን የበለጠ እንደፈራሁ አላውቅም።

«ይህን ውሻ ከገደልከው ልጄን እያየሁ ዓመት እከርማለሁ። ሳለች እያየሁ፣ ጠማት እያየሁ፣ ተኛች እያየሁ። ከነዚያ ከቀበርኳቸው ጋር እየደመርኳት! አራት ቀን ስጠኝ፣ ዝናው። በፈጠረህ። አራት ቀን።»

ዝናው ጠመንጃውን አዘቅዝቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እዚሁ እጠብቀዋለሁ» አለ። «ከወጣ ግን እተኩሳለሁ፤ ቂም የለም።»

«ቂም የለም።»

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ አንድ ጣሳ ወተት በልጅ ሳይሆን በራሷ እጅ አመጣች። የተረፈቻቸው አንዲት ላም ወተት ናት። ለዝናው መስሎኝ ነበር፤ ዝናው ግን ጣሳውን ለኔ ሰጠኝ። «ለሱ ነው» አለ፣ ፊቱን ወደ ጋጣው አዙሮ። ሱረያ ወተት ለብዙ ውሻ ተቅማጥ ያመጣል ብላ ጥቂቱን ብቻ ከመረቁ ጋር ቀላቀለችው። ትሪውን አፉ ድረስ በእንጨት ገፋሁለት። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ምላሱ ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት ትሪውን በእንጨት ስስበው ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትሪው ላይ የቆሮሶ መንጋጋ ስባሪ አለ፤ ከአውራ ጣቴ ይረዝማል፤ ሁለት ጫፉ ሹል ነው፤ ሽታው ያጥወለውላል። ቀና ስል ቡላ አፉን ዘግቷል። ዘግቷል! ዝናው በአጥሩ ላይ «እሰይ!» ብሎ ጮኸ። እኔ አጥንቱን ይዤ ሱረያ ቤት ደረስኩ።

እሷ ግን ፊቷን አልፈታችም። «አጥንት አፉ ውስጥ መኖሩ በሽታው የለበትም ማለት አይደለም። ሁለቱም አንድ ውሻ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ዓርብን ይጠብቁ።»

ጠላኋት፤ ወላሂ ጠላኋት። ሁለት ቀን ምን እንደሚያህል የሚያውቀው የጠበቀ ነው። ሐሙስ ደሴ ወጣሁ፤ መርፌው አልገባም። ነርሷ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ነቀነቀች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱረያ ከኔ ጋር ወደ ጋጣው መጣች። ቡላ ቆሞ ጅራቱን ያወዛውዛል። ያለ አጥንት የተፈተፈተውን ዓሣ አንድ ሳያስቀር በላ፤ ውሃውን ጠጣ፤ ትሪውን ላሰ። ሱረያ ሲሄድ አየችው፣ ሲዞር አየችው፣ ዓይኑን አየችው።

«ዐሥሩ ሞላ» አለች። «በሽታው አልነበረበትም። ልጅዎም ከሱ የወሰደችው ነገር የለም። ደሴ መርፌው ሲገባ ለቡላም ክትባት እንፈልግለታለን፤ ሁለተኛ አጥንት እንዳይወረውሩለት። አብሽር፣ አያ ኑርዬ። አለቀ።»

አልሃምዱሊላህ ልል አፌን ስከፍት ልቅሶ ቀደመኝ። ዝናው በትከሻዬ ያዘኝ፤ እሱም ያለቅሳል፤ ጠመንጃው ጀርባው ላይ ይንገላታል። ከሱ እጅ ወጥቼ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ሀኒያ ከጓዳው በር አጠገብ፣ ከእሑድ ጀምሮ እንደምትቀመጠው ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ፈዲላ አጠገቧ ናት።

«ሀኒያዬ! ቡላ ዳነ! ዐሥሩ ቀን ሞላ፣ ደህና ነው! ነይ፣ ነይ ወደኔ!» ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

አልመጣችም። ተነሥታ ቆመችና እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። ቁስሏ ጠባሳ እንኳ አልቀረውም።

«እኔስ፣ አባ?» አለችኝ። «የኔም ዐሥር ቀን ሞላ?»

«ያንቺ ምን፣ ልጄ?»

«አሁን ብትነካኝ አትሞትም?»

ፈዲላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ጥንቃቄ ነው» የሚለው ውሸቴ እንኳ የት እንደገባ አላውቅም። ልጄ ከእሑድ ጀምሮ ስትርቀኝ የከረመችው ተቀይማኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንዳልሞትባት እየጠበቀችኝ ኖሯል።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እጄን እንደዘረጋሁ ነኝ። እሷ እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና እናቷን አየች። ቸኩዬ እንዳላስደነግጣት ጠበቅኋት። ለመምጣት ብዙ ቆየች።